አምስት ጣት ለአምስት ክር

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እጅ ይመለስልኛል ወይስ አይመለስልኝም?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ቢቸና ጤና ጣቢያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አርባ ሰው ተሰልፎ። ሁለቱን እጆቿን ገበያ እንደሚቀርብ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታቸዋለች። እኔም «ለፋሲካ ክራርሽን ትመቻለሽ!» አልኳትና «ቀጥሎ!» ብዬ ጮኽኩ።

ይሄ መልስ አይደለም። ሰልፉ እንዲያልቅልኝ ያልኩት ነው። እውነተኛውን መልስ አፌን ከፍቼ ለመናገር አምስት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

አሁን ነርስ ነኝ። ዲፕሎማዬን ከተቀበልኩ ሁለት ወር አልሞላኝም፣ ነጭ ጫማዬ ገና ተረከዜን ይልጠኛል፣ ደስታዬም ገና አልበረደም። ድሬሰርነቴ አለቀ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ክኒን የሚቆጥር፣ ሐኪም በሌለበት አገር ደግሞ ሐኪም የሚባል ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ሁለቱን ቢቸና፣ አንዱን ሞጣ። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ናቸው ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብዬ የምጠብቅበት ትዕግሥት የለኝም።

ቢቸና ስደርስ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስሜ ዘሀራ፣ የደሴ ልጅ፤ የአንድ ዓመት ኮርስ ጨርሼ፣ የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ ከእህል ጫኝ ሎሪ ወረድኩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«የጠየቅነው ወንድ ነበር» አለ።

«ወንድ አልቆ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ውጪ ያወራነው ነገር ትዝ አይለኝም። ደመወዝ ቢዘገይ ይዘገያል፤ መዝገብ ላይ ቀለም ከፈሰሰ ግን ዓለም ያልቃል። ስለ እሱ ይኸው በቃ።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ታረቀኝ ናቸው። ሃያ ዓመት የሠሩ ድሬሰር ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ላይ ጥጥ የማይጠፋ ሰው። እኔ በዚህ ሥራ የተለከፍኩት እሳቸው መርፌ ሲስሉ ባየሁ ቀን ነው። እዚያ መርፌ አይጣልም፤ ተቀቅሎ ተመልሶ ይወጋል፣ ስለዚህ ይደንዛል። ጠዋት ድስቱ ፕሪሙስ ላይ እየፈላ ጥቁር ድንጋያቸውን ያወጡና አንድ በአንድ ጫፉን ይስላሉ። ሲጨርሱ መርፌውን በጥጥ ላይ ያሳልፉታል። አንዲት የጥጥ ክር ከያዘ ጫፉ ታጥፏል ማለት ነው፤ እንደገና ወደ ድንጋዩ።

«ጥጥ ያልወደደውን የሰው ገላ ይወደዋል?» ይላሉ።

ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት ደግሞ እጃቸውን እሳቱ ላይ ያሞቃሉ። በቢቸና ብርድ፣ ያ የሞቀ እጅ ብቻውን ግማሽ ሕክምና ነበር።

ሁለት ልማዳቸው ግን ያሳብደኝ ነበር። አንደኛው፣ ሰውን «ምንህን አመመህ?» ብለው አይጠይቁም። «ትናንትን ንገረኝ» ነው የሚሉት። ከእንቅልፍህ ስትነሳ ምን አደረግህ፣ ምን በላህ፣ ስንት ሰዓት በላህ፣ የት ሄድህ፣ ምን ተሸከምህ። ገበሬው ደግሞ መቼም ጠያቂ አግኝቶ አያሳጥርም፤ የበሬውን ስም ሳይቀር ይናገራል። እኔ ከጎናቸው ሆኜ እግሬን አወዛውዛለሁ።

አንድ ቀን ጀርባው ብቻ ያሳከከው ሰውዬ መጣ። ቅባቱን አውጥቼ ቆሜያለሁ።

«ትናንትን ንገረኝ።»

«ምኑን ልንገርዎት፣ ጌታዬ፤ ዝናብ ነበር፣ ጎተራ ስጠግን ዋልኩ።»

«ዝናቡን በምን ቻልኸው?»

«በጆንያ ነዋ። የወባ ሰዎች የጣሉት ባዶ ጆንያ አለኝ፤ ጀርባዬ ላይ ጣል አደርጋታለሁ፣ ጠብ አታደርግም።»

የወባ ትንኝ መግደያ መድኃኒት የነበረበት ጆንያ ነው! ጋሽ ታረቀኝ ጆንያውን አስጥለው፣ ጀርባውን በሳሙና አሳጥበው ሰደዱት፤ በሳምንቱ ዳነ። እኔ ተገረምኩ፤ ተምሬ ግን አልነበረም። «አንድ ሰው ላይ ሠርቷል፤ አርባ ሰው ላይ ግን ፀሐይ ትጠልቃለች» አልኩ በልቤ።

ሁለተኛው ልማዳቸው የባሰ ነበር። ያልገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ሰልፉ ሁሉ እየሰማ «አላውቅም» ይላሉ። ጮክ ብለው! «ይሄን አላውቀውም፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሂድ።» እኔ ነበርኩ በእሳቸው ፈንታ የማፍረው።

እንግዲህ ማንጠግቦሽ። ማንጠግቦሽ በቢቸና ጠጅ ቤት ክራር የምትመታ፣ አርባ ያልሞላት፣ ምላሷ ከእኔ የከፋ ሴት ናት። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እንደ ደንቡ «እርስዎ» አልኳት።

«ተይ እቴ! እርስዎ ስባል የምሞት ይመስለኛል። አንቺ በይኝ» አለችኝ። «አገርሽ የት ነው?»

«ደሴ።»

«ወሎዬ ሆነሽ ነው መርፌ ይዘሽ የምትዞሪው? አምባሰል የወጣበት አገር ተወልደሽ? ምነው አባትሽ ክራር ሳይገዛልሽ?»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። እኔ ስኮሳተር ደግሞ እዚያው ገጠመችብኝ፦

«መርፌስ ምን ያደርጋል፣ ወግቶ ነው የሚያልፈው፤
የዘሀራ ፊት ነው ነፍስ የሚያሳልፈው።»

ሳምንት ሙሉ ልጆች ገበያ ላይ ዘፈኑብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ወዳጆች ሆንን።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው እጆቿን ይዛ የመጣችው። የሁለቱም እጅ አንጓዎች አብጠዋል፤ በግራም በቀኝም እኩል፣ በመስተዋት የተያዩ ይመስል። ስነካቸው ይሞቃሉ።

«ጠዋት ስነቃ እጄ የሌላ ሰው ነው» አለችኝ። «ፀሐይ ደህና ከፍ እስክትል ቁልፍ አልቆልፍበትም። ከማበጡ በፊት ግን ክራሩ ነግሮኛል፤ በመስከረም ነው የነገረኝ።»

«ክራር እንዴት ይናገራል?»

ናቀችኝ መሰለኝ። ከሰዓት ከቤቷ ክራሯን አምጥታ አሳየችኝ። እኔ የሚዘፍነው የቀኝ እጅ ይመስለኝ ነበር። አይደለም! ቀኙ በቁራጭ ቆዳ አምስቱንም ክር አንድ ላይ ይገርፋል፣ በቃ። ሥራው የግራ እጅ ነው። አምስት ጣት ለአምስት ክር፤ እያንዳንዱ ጣት የራሱን ክር ከኋላ ተጭኖ ዝም ያሰኘዋል፣ ተራው ሲደርስ ብቻ ለቀቅ ያደርገዋል። ክራር መምታት ማለት የማይፈለገውን ክር ዝም ማሰኘት ነው።

«አሁን ስሚ» አለችና ገረፈችው። ዜማው መሃል አንድ ክር ያለቦታው ይጮሃል። የቀለበት ጣቷ መጫን አቅቶታል። «ይኸው፣ እንደ ሰካራም ዘመድ ሳይጠሩት እየገባ ያዋርደኛል። የአንድ ፀጉር ያህል ጣቴ ሲላላ እኔ እሰማዋለሁ። ጠጪው ገና አልሰማም። ለፋሲካ ግን ይሰማል።»

ነገሩ ይሄ ነበር። በሁዳዴ ጠጅ ቤቱ ውስጥ ዘፈን የለም፤ ክራሩም ይጾማል። ለፋሲካ ይከፈታል። ማንጠግቦሽ ለፋሲካ ካልመታች ባለቤቲቱ ሌላ ሰው ታመጣለች። ማንጠግቦሽ ባል የላት፣ መሬት የላት፤ ያላት እጅ ነው።

ምክንያቱን ደግሞ አውቀዋለሁ ባይ ናት። ሞጣ ውስጥ የሻረግ የምትባል ክራር መቺ አለች። በአምናው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ተጋጥመው ማንጠግቦሽ በግጥም ረታቻት። «እሷ ናት ያሰረችብኝ፣ መተት ነው» ትላለች፤ ለሰውም አውርታዋለች፤ ቢቸና ሁሉ አምኗል።

እኔ መተቱን ሳቅሁበት። እንዲህ ያለ የመገጣጠሚያ ብርድ በአስፕሪን ይበርዳል ተብዬ ተምሬያለሁ፤ መድኃኒቱም መደርደሪያችን ላይ አለ። ያን ጠዋት፣ እጆቿን ይዛ ስትመጣ፣ ጋሽ ታረቀኝ ሌላ ክፍል ቁስል እያጠቡ ነበር። ሄጄ ልጠይቃቸው? «ትናንትን ንገሪኝ» ሊሉ! ዘጠኝ ዘጠኝ ክኒን ለየቀኑ ቆጥሬ በወረቀት ጠቀለልኩና «ሦስት ሦስት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ያችን ጥያቄ የጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው «ለፋሲካ» ያልኩት።

በሳምንቱ እየሮጠች መጣች። ጣቶቿን ጨበጠች፣ ዘረጋች፣ ጨበጠች።

«ተመልከቺ! ተመልከቺ! ቁልፌን ራሴ ቆለፍኩ!»

እኔማ ዘለልኩ። ግቢው ውስጥ ተቃቅፈን ዞርን። ሌላ ክኒን ቆጥሬ ሰጠኋት፣ ሌላም ጨመርኩ። ጎጃምን በሙሉ ያዳንኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

በአራተኛው ሳምንት በቃሬዛ አመጧት። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ደም አስመልሳለች፣ ጥቁር፣ የቡና አተላ የመሰለ ደም። ጋሽ ታረቀኝ እጃቸውን እሳቱ ላይ አሞቁ፤ እንዲያ ባለ ሰዓት እንኳ አሞቁ! ከዚያ ሆዷን ዳበሱና አጎንብሰው፦

«ማንጠግቦሽ፣ ትናንትን ንገሪኝ» አሏት።

«ምን... ምን አለኝ። ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ።»

«ስንት ሰዓት በላሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መድኃኒቴን ዋጥኩ። ከምግብ በኋላ ብላኛለች። ምግቤ አንድ ጊዜ ነው፤ ዘጠኙንም አንድ ላይ ዋጥኩት።»

ዘጠኝ ክኒን በአንድ ጉርሻ፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ አንድ ወር። እሷ ያልኳትን በትክክል ነው የፈጸመችው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሮመዳን የምጾም ሰው ሆኜ፣ ጾም ቀንን እንዴት እንደሚያጥፈው በገዛ ሆዴ እያወቅሁ፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ሰልፍ ነበረብኛ!

ወተት በጥቂት በጥቂቱ እንድትወስድ ጋሽ ታረቀኝ አዘዙ። እሷ ደግሞ ጥርሷን ገጠመች።

«በሁዳዴ ወተት? ሞቼ ልቀር እንጂ!»

የንስሐ አባቷን ሮጬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ዳገቱን በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት፤ ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። ቄሱ መጥተው፣ አዩዋትና «ልጄ፣ የታመመ ጾም የለበትም። ጠጪ፣ ኃጢአቱ በእኔ» አሏት። ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ቀና አለች፤ በሳምንቱ ተነሳች።

ጋሽ ታረቀኝ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለ። መዝገቡን አወጡና የሆነውን እንዳለ፣ ስሜን ጨምረው ጻፉ። ከዚያ ዞር ብለው «ክኒኑን የቆጠርሽው ለወረቀቱ ነው፤ ለሴትዮዋ አልቆጠርሽላትም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሕመምተኛ «ትናንትን ንገረኝ» ማለት ጀመርኩ። ሰልፉም እንደፈራሁት ረዘመ፤ ያም ሆኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቅ ነበር፣ ምክንያቱም በሳምንቱ የሚመለሰው ሰው ቀነሰ። ይሄን ሳውቅ ያበድኩት የደስታ እብደት! ሥራ ማለት ይሄ ነው ለካ!

ፋሲካ ደረሰ፤ ማንጠግቦሽ አልመታችም። እብጠቱ በመድኃኒቱ በርዶ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲቆም ተመለሰ። ባለቤቲቱ ማሲንቆ መቺ አመጣች። «አንቺ ደግሞ በእሱ እጅ ዝፈኚ» አለቻት።

«የእኔ ድምፅ በሌላ ሰው እጅ አይዘፍንም» አለች። «እጄ ይመለሳል። ዘሀራ ነግራኛለች።»

ዘሀራ ነግራኛለች! ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰማኋት። ገድዬሽ ነበር ስላት እንኳ ያመነችው ያንን የመጀመሪያውን ቃሌን ነው። ጠጅ ቤቱን ትታ ወጣች፤ ጌሾ እየሸጠች መኖር ጀመረች፤ ክራሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ መጠበቅ ጀመረች። እኔም ሰው ፊት እንደ ጉድ የምናገር፣ ኃላፊዬን የማላስቀምጥ ሰው፣ «አላውቅም፣ ዋሽቼሻለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጉሮሮዬ አልወጣ አለችኝ።

በዚያው ዓመት ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ሞጣ ሌላ ዓለም ነው፤ ገበያው የደመቀ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የሚጠሩበት፤ አንድ እስላም ነጋዴ ቤት ተከራይቼ እንደ ልጅ ኖርኩ። አዲሱ አለቃዬ ጤና መኮንን ነበር፤ ወጣት፣ መጽሐፍ የሚያነብ፣ ከሰው ጋር ግን ሰላምታ የሚቸግረው። ስለ ማንጠግቦሽ እጅ ነገርኩት። «በሁለቱም እኩል ነው? ጠዋት ይብሳል? የጣቷ ጫፍ አንጓስ?» ብሎ ጠየቀኝ። የጣቷ ጫፍ አላበጠም አልኩት። «ብርድ አይደለም፤ ሌላ በሽታ ነው» አለኝና ስሙን በፈረንጅኛ ነገረኝ። «ምንድን ነው የሚያመጣው?» ስለው «ብትማሪ ይሻልሻል» አለኝ። ሰውዬው አሹፎብኝ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም፤ እኔ ግን በማግስቱ ለነርስ ትምህርት ቤት ማመልከቻዬን ጻፍኩ።

ሞጣ የሻረግንም አገኘኋት። ለጥርሷ ሕመም መጣች፤ መተተኛ አግኝቼ ልጣላ ተዘጋጅቼ ነበር። አጭር፣ ዓይን አፋር ሴት ናት፤ ጣቶቿ ግን እሳት። ስለ ማንጠግቦሽ ሳነሳባት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስሜን አጠፋችው፣ ሠርግ ላይ ሲጠሩኝ እናቶች ልጃቸውን ይሸሽጉብኛል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን ምን ዋጋ አለው፣ እንደ እሷ ያለ ድምፅ የለም። እኔ እጅ አለኝ፣ ድምፄ የፍየል ነው። እሷ ብትመጣልኝ እኔ እየመታሁ እሷ ብትዘፍን... በያት እስቲ።»

አልኳት። የዕረፍት ፈቃድ ወስጄ ቢቸና ስሄድ አልኳት።

«መጀመሪያ የወሰደችብኝን ትመልስልኝ!» አለች ማንጠግቦሽ። «እጄ ሲመለስ እኔው እመታለሁ፣ እኔው እዘፍናለሁ። ይመለስ የለ?»

እኔም «ሻይ የለሽም?» ብዬ ወሬ አስለወጥኳት።

ትምህርት ቤት በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ሰሌዳው ላይ ሁለት እጅ ሣለ። «ሰውነታችን ውስጥ ዘበኛ አለ» አለ። «ከውጭ የሚገባውን በሽታ የሚያባርር። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ዘበኛ ይሳሳታል፤ የራሱን ቤት ሰው ሌባ ነው ብሎ ይደበድባል። እዚህ አንጓዎቹ ላይ፣ በሁለቱም እጅ እኩል። ጠዋት ጠዋት ይደርቃል። የጣት ጫፍ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።»

ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቼ «ማንጠግቦሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ «ማን ናት?» አለኝ። ሁሉንም አወራሁለት፤ የምትላላውን ጣት፣ በመስከረም የተናገረውን ክራር። ሰውዬው ጠመኔውን አስቀመጠ። «ገበሬ ቢሆን ኖሮ እርፍ መጨበጥ እስኪያቅተው አያውቀውም ነበር» አለ። «ሙዚቀኛ ግን ከሐኪም ቀድሞ ይሰማዋል። የእሷ ጆሮ ከእኛ ላቦራቶሪ ቀድሟል።»

በደስታ ላብድ ነበር። የማንም መተት አይደለም! የማንም እርግማን አይደለም! ከዚያ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁት።

«ይመለሳል?»

«ማበጡን ማብረድ፣ እንዳይከፋ መያዝ ይቻላል» አለ። «የተጣመመው ግን አይቃናም።»

ቁጭ አልኩ። መልሱን አገኘሁት ማለት ነው።

ዘንድሮ በጥር፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደተመደብኩበት ሆስፒታል ስሄድ በቢቸና በኩል ዞርኩ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ጋሽ ታረቀኝ ሸብተዋል፤ ድንጋዩ ያው ነው፣ መሃሉ ብቻ ጎድጉዷል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ትናንትን ንገሪኝ» አሉኝ። አምስት ዓመቱን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እሷስ? ነገርሻት?»

«ዛሬ ልነግራት ነው።»

ማንጠግቦሽ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ክራሩን ነው። ተወልውሏል፤ ክሮቹ አዲስ ናቸው። በየዓመቱ ለፋሲካ ዋዜማ ክር ትለውጣለች አሉኝ ጎረቤቶቿ፤ በእጇ ስለማትችል በጥርሷ እየሳበች። ከዚያ ጣቶቿን አየሁ። ነፋስ እንዳጋደመው ጤፍ ሁሉም ወደ ትንሿ ጣት በኩል አጋድለዋል።

ዘበኛውን ነገርኳት። ቁጭ ብዬ፣ ሳልቸኩል፣ ሁሉንም። ጠዋት ጠዋት እጇን ለብ ባለ ውሃ እንድትነክር፣ ሆስፒታል አብራኝ ሄዳ ሐኪም እንዲያያት ነገርኳት። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ቀርታለች።

«እንግዲያ የሻረግ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

«የገዛ ዘበኛዬ ነው?»

«የገዛ ዘበኛሽ ነው።»

«እኔ ታዲያ አምስት ዓመት የሰው ስም አጠፋሁ?»

«አጥፍተሻል።»

ብድግ አለች። «ተነሺ። ሞጣ ውሰጂኝ።»

ስለ እጇ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። አዎ፣ እንደገና! ዲፕሎማ ይዤ!

ጉንደ ወይን ላይ የሎሪው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ሲፈታ ማንጠግቦሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች። ሾፌሩ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«እመቤት፣ ይሄን ድምፅ ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ያለ እጅ ባዶ ነው» ብላ አፏን ዘጋች።

ሞጣ የደረስነው እሑድ ከሰዓት ነው። የዘመድ ሠርግ ነው፤ የሻረግ ቤት በሠርገኛ ሞልቷል። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆመች። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ከደጁ ድንጋይ ፈለገች፣ አገኘች፣ ጎነበሰች። እጇ አልያዘላትም። እንደገና ሞከረች። ድንጋዩ አመለጣት፣ እግሯ ሥር ወደቀ። ያ ሁሉ ሰው እያየ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ድንጋዩን አነሳሁና እኔው ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። «በደሉ የእኔም ነው!» አልኩ። «እጅሽ ይመለሳል ብዬ ያስጠበቅኋት እኔ ነኝ!»

የሻረግ ከውስጥ እየሮጠች ወጣች። ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደች፣ የማንጠግቦሽን አንገት አቅፋ አለቀሰች፣ እጇን ይዛ አስገብታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ክራሯን አነሳች። አምስት ጣት ከኋላ፣ ቆዳው ከፊት። በትዝታ ቅኝት አንድ ጊዜ ገረፈችው፤ አንድም ክር ያለቦታው አልጮኸም።

«ድምፅሽን ስጪኝ» አለቻት።

ማንጠግቦሽ አልዘፈነችም። የሻረግን ጣቶች አየች፣ የራሷን ጣቶች ጭኗ ላይ ዘርግታ አየች፣ ከዚያ በሠርገኛው አናት ላይ አሻግራ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ተመለከተች።

«ዘሀራ! ያኔ ጠይቄሽ ነበር። ይሄ እጅ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም አየር ሳብኩና፣ ጋሽ ታረቀኝ በሰልፉ ፊት እንደሚሉት ጮክ ብዬ፦

«አይመለስም፣ እትዬ ማንጠግቦሽ! አይመለስም! በይ ዝፈኚ!»